የአማቴ ወረፋ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ በአማቴ እቀና ነበር። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ጸሎት እምቢ አለኝ፤ ከሥዕሉ ፊት ስቆም አንድ ቃል አይወጣኝም። እሳቸው ግን ያንኑ ልጃቸውን ቀብረው፣ በየማለዳው ከሐይቁ ዳር ወደ ደብራችን ይወጣሉ፤ በሴቶች በር አጠገብ፣ ከወይራዋ ሥር ይቆማሉ። እግዜር እሳቸውን እየሰማ እኔን የረሳኝ መሰለኝ።

አንድ ቀን ስንመለስ ምርር ብሎኝ፣ «ለአንቱማ ይመልስልዎታል» አልኳቸው።

ሳቁ። «ኧረ ወዲያ! ማን ነገረሽ? ከልጄ ወዲህ እኔም ደርቄያለሁ።»

«ታዲያ በየቀኑ ምን ያመላልስዎታል?»

«እኛ አምባሰል ስናድግ፣ ምንጩ በበጋ ሲነጥፍ እንስራችንን አዝለን ወደ ቤት እንመለስ ነበር? ደርድረን ወረፋ እንይዛለን እንጂ! ውሃው ብቅ ሲል የሚቀዳው የጠበቀ ነው፣ ልጄ።»

ያን ቀን ቅናቱ የለቀቀኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ከጸሎታቸው ወደ ትዕግሥታቸው ዞሮ ኖሯል።

ከቀብራቸው በኋላ ደብሩ ስሄድ ከወይራዋ ሥር ማንም አልነበረም። አንዲት ሴት ወደዚያ ስታመራ አየሁና ቀድሜያት ደርሼ ቆምኩ። ጸሎቱ ዛሬም አልመጣልኝም። ወረፋቸውን ግን ለማንም አልሰጥም።