እንኳየሁ የምትወርደው ግማሽ መንገድ

እኔ ዐብደላ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከቁስቋም ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ እኩሌታ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ስቀመጥበት እኩሌታ መሆኑን ያስተዋለችው እንኳየሁ ብቻ ናት።

ምራቷ ኤሌኒ ፒያሳ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ ሕፃኑ ኢዮስያስ ጡጦ አልይዝም አለ። የምሳ ዕረፍቷ አንድ ሰዓት ናት። ባጃጁ ሰው ካልሞላ አይነቃነቅ! ቁስቋም ቤት ወጥቶ፣ አጥብቶ ለመመለስ የት ትበቃለች? ሁለቴ አርፍዳ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት።

‹‹ሥራውን እለቃለሁ›› ብላ ስታለቅስ እንኳየሁ ተቆጣች። ‹‹ምነው ልጄ! ይኼን ሁሉ ተምረሽ? ግማሹን አንቺ ነይ፣ ግማሹን እኔ ልውረድ።›› ጉልበቷን የሚያማት ሴት እኮ ናት!

ማን አስፈቀደኝ? ማንም! ሰኞ ‹‹አያ ዐብደላ፣ ትንሽ ልረፍ›› ብላ ልጁን አዝላ ገባች። ደንበኛ ልብስ የሚለካበት መጋረጃ ማጥቢያ ሆኖ ቀረ። አጉረመረምኩ፣ አልዋሽም። ሐሙስ ዕለት ትንሽ ሲዘገዩብኝ ግን መርፌዬን ትቼ መንገድ መንገዱን ሳይ ነበር።

ዓርብ ጉድ ፈላ። ዓርብ መሥሪያ ቤቱ ለምሳ የሚወጣው አምስት ተኩል ነው፤ ዕረፍቱም ሁለት ሰዓት ነው። ኤሌኒ ‹‹ዛሬስ እማዬን አላደክማትም›› ብላ ቁስቋም ወጣች። እንኳየሁ ደግሞ በአቋራጭ ቀድማ ወርዳለች፤ ስልክ የላት። እኔ ጁምዓ ሰላት ሄጃለሁ፣ ሱቁ ዝግ። እንዲያው ከሦስታችን አንዳችን ስለ ዓርብ ብናነሣ ምን ነበረበት!

ኤሌኒ ቤቱን ተቆልፎ ስታገኘው ልጄ ታሟል ብላ ወደ ሆስፒታል በረረች። ከመስጊድ ስመለስ እንኳየሁ ደጃፌ ላይ ተቀምጣለች፤ ልጁ አልቅሶ አልቅሶ ድምፁ ተዘግቷል። ለኤሌኒ ደወልኩላት።

ጫማዋን በእጇ ይዛ ደረሰች። አማቷንና ልጇን አንድ ላይ አቅፋ ተንሰቀሰቀች። እሱ ግን ምን ገዶት፣ ይጠባል! ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ወደ ሥራዋ ላክኋት፤ ለጥቂት ደረሰች።

ሰኞ ኤሌኒ አፍራ መጣች። ‹‹ጋሼ ዐብደላ፣ የዓርብን ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ መጨረስ አልፈልግም። ልጄን አቅፌ እዚሁ ብቀመጥስ?››

‹‹ዓርብ ሱቁ ዝግ ነው›› አልኳት ቆጣ ብዬ። ከዚያ ሚስቴ እንኳ ይዛው የማታውቀውን የሱቄን ቁልፍ አውጥቼ ለእንኳየሁ ሰጠኋት።