እናቴ በሦስት ስም

ሆስፒታሎቹ በአንድ ሰንሰለት ተያያዙ ሲባል ከሁሉ ቀድሜ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። እናቴ ነገሌ ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ ሌላውን ልጇን ልትጠይቅ ባለቤቴን አስከትላ ያቤሎ ትሄዳለች፤ ዱብሉቅ እህቷ ዘንድ ትሰነብታለች። በታመመችበት ቦታ ሁሉ አዲስ ካርድ ያወጡላታል። «በፊት ምን ወስደዋል?» ሲሏት «መርፌ» ትላለች። የምን መርፌ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ታዲያ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ አዳራሽ ሰብስቦ ብሎክቼይን የሚሉትን አስረዳን። አንዱ ሐኪም ቤት የጻፈውን ሌላውም ያየዋል። የተጻፈ አይፋቅም፣ አይደለዝም፤ ስህተት ቢኖር እንኳ ማረሚያው ከኋላ ይቀጠላል እንጂ የፊተኛው አይነካም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ነው። አጨብጭበን ሻያችንን ጠጥተን ወጣን። በዚህ አገር ምራት የምትባል ሰው እንዳለች ግን ማንም አልነገረው።

በኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ባለቤቴ ደግሞ ነገሩን ከምር ነው የያዘችው። የእናቴ ስም በኦሮምኛ ዝናብ ማለት ከሆነው ቃል የወጣ ስለሆነ፣ ደመና ሲጠቁር እንኳ «ያ ከላይ የሚወርደው መጣ፣ ልብሱን አስገቡ» ነው የምትለው። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ናት፤ ለምጄዋለሁ።

አንድ ቀን እናቴን ትኩሳት አቃጥሏት፣ ትንፋሽ አጥሯት እዚሁ ነገሌ ሆስፒታል አስገባናት። ዶክተሩ መርፌ አዘዘ። «ዶክተር፣ ሰንሰለቱ ከተዘረጋ በኋላ ያቤሎ አንዴ መርፌ ተወግታ ፊቷ አብጦ፣ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ለትንሽ ነው የተረፈችው። የትኛው መድኃኒት እንደሆነ ግን አናውቅም» አልኩት።

«ችግር የለም፣ ሰንሰለቱ ላይ ይኖራል» ብሎ ስሟን ጠየቀኝ። አፌን ሞልቼ ከነአባቷ ነገርኩት። ኮምፒውተሩን አየና «እናትህ ያቤሎ ታክመው አያውቁም» አለኝ።

«እንዴት አያውቁም? ይዛት የሄደችው ባለቤቴ ናት።»

«እዚህ ላይ ምንም የለም» አለ። ነርሷ መድኃኒቱን እያዘጋጀች ነው። ዞር ብዬ ባለቤቴን ባያት፣ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች። ያኔ ገባኝ፤ ደሜ ፈላ።

«በማን ስም ነው ያስመዘገብሻት?»

«በአክስቴ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ዱብሉቅ ደግሞ በእህቴ።»

ወይ ጉድ! ሴትዮዋ ሞት አፋፍ ላይ ሆና እሷ ከስም ትሸሻለች። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ነርሷን አስቆምኳትና የአክስቷን ስም ተናገርኩ። ወዲያው ወጣ፤ ፔኒሲሊን ይላል፣ በቀይ። ነርሷ ያዘጋጀችውም እሱኑ ነበር። ሌላ መድኃኒት ተሰጣትና እናቴ ተረፈች።

እኔ ግን አልበረደልኝም። ካርድ ክፍል ሄጄ «ሦስቱን ሴቶች አንድ አድርጉልኝ» ብል፣ ማረሚያ ማስቀጠል የሚችለው መጀመሪያ ስሙን የሰጠው ሰው ብቻ ነው አሉኝ፤ እሱም በአሻራውና በገዛ አፉ። «እኔ እኮ ልጇ ነኝ» አልኩ። «እርስዎ አላስመዘገቡም» አሉ። እንዲሁ ከቀረ ነገ ሌላ ሐኪም ያንኑ ፔኒሲሊን ያዝላታል። በማን ልናደድ? በሰንሰለቱ? በባለቤቴ? ባለቤቴን ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። «ስማቸውን ከምጠራ ምላሴ ይቆረጥ» አለችኝ፤ ምን ትላታለህ?

እናቴ ከተኛችበት ሆና ሰምታናለች። ምራቷን አስጠግታ እጇን ያዘቻት። «ልጄ፣ ያን ቀን የአክስትሽን ስም ባታወጪ ኖሮ ተቀብሬ ነበር። ጥሪኝ፤ ፈቅጃለሁ።»

እንደተሻላት ሦስታችን ካርድ ክፍል ሄድን። እናቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ባለቤቴ አሻራዋን ሰጠችና አንገቷን ደፍታ፣ አጠገቧ ለቆምኩት ለእኔ እንኳ በማይሰማ ድምፅ ተናገረች።

«አልሰማሁም» አለች መዝጋቢዋ።

ደገመችው።

«አሁንም አልሰማሁም። እህቴ፣ ሰው ይጠብቃል፣ ጮክ ይበሉ እንጂ።»

መዝጋቢዋን ላንቃት ምንም አልቀረኝም። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፈነችና የእናቴን ስም ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እስኪዞር ጮክ ብላ ጠራችው። እንባዋ ወረደ።

ከኋላችን፣ ከአግዳሚው ላይ፣ እናቴ «አቤት ልጄ» አለቻት።