ጀይሉ ያልጨረሰው ወሬ

በሃምሳ አራቱ ክረምት የቦርከና ወንዝ ረቢአን ወሰዳት። ባሏ ጀይሉ ቀድሞ ተሻግሮ ከማዶ «ነይ፣ ጎድሏል!» ብሎ ጠራት። ገባች፤ ደራሽ ጎርፍ መጣ። የጨፋ ሰው ወንዝ ከመግባቱ በፊት የደጋውን ደመና ያያል፤ ጀይሉ ያን ቀን አላየም። ይህን ደግሞ ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ሰውነቱ እንጂ ሰውየው አልነበረም። ማሽላውን ወፍ ጨረሰው። እህቱ ፋጡሜ የምታመጣለትን ምግብ ሳይነካ ይመልሳል፤ በጠራራ ፀሐይ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል።

ጎረቤቱ ደግ ነበር፤ ያስቸገረውም ደግነቱ ነው። ጂን ነው ብለው ወዳጃ ተቀመጡለት፣ ጫት ይዘው ዱዓ አደረጉ። እሱ «እኔ ነኝ…» ብሎ ሲጀምር አንዱ «የአላህ ቀደር ነው፣ የተጻፈ ነው» ይለዋል፤ ሌላው «አስተግፊሩላህ በል» ይለዋል። ፋጡሜማ እጇን አፉ ላይ ትጭናለች። ሁሉም አዘነለት፤ የሰማው ግን አልነበረም። በመጨረሻ መናገሩንም ተወው።

በጥር ፋጡሜ ፍየል አስይዛ፣ እየጎተጎተች ሰንበቴ ገበያ ሰደደችው። እዚያ የጥንት ደንበኛው አፋሩ ሁመድ አገኘው። ከቆላ ገና መድረሱ ነው፤ ምንም አልሰማም። አፋር ከሰው ጋር ከተገናኘ ወሬ ሳይለዋወጥ አያልፍም፤ ዳጉ ይሉታል። ተናጋሪው እስኪጨርስ ማቋረጥ ነውር ነው። ሁመድ በትሩን አስተኝቶ ቁጢጥ አለ።

«ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

«ደህና ነው፤ አልሐምዱሊላህ።»

«እሱ ሰላምታ ነው። ወሬውን ከመጀመሪያው አምጣው።»

ጀይሉ ወንዙን፣ ጥሪውን፣ ያላየውን ደመና ሳያስቀር ነገረው። ሁመድ እንደ ዳጉ ወግ «ሃ… ሃ» እያለ አዳመጠው። አላጽናናውም፤ አልፈረደበትምም። ሲያበቃ ጠየቀው።

«አንተ ስትገባስ ደመናውን አይተህ ነበር?»

«አላየሁም።»

«ለራስህም አላየህም» አለ ሁመድ።

ጀይሉ ይህን፣ ወንዙ እሱንም ሊወስደው ይችል እንደነበር፣ አስቦት አያውቅም። እዚያው ፍየሎቹ መሀል ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ።

ማምሻውን ፋጡሜ ምግብ ይዛ ስትመጣ ያንኑ ነገር ይነግራት ጀመር። እሷም እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች፤ «ጀይሉ፣ ቀደር…»

እጇን ያዘው። «ቆይ እህቴ፣ አልጨረስኩም።»

ተቀመጠች፤ እስከ መጨረሻው ሰማችው። እሷ ስትሄድ ቤቱ ያው ጭር አለ። ጀይሉ ግን የቀዘቀዘውን እንጀራ ወደ ራሱ ስቦ፣ ብቻውን ቁጭ ብሎ በላ።