ለድንኳን የሚሆን ሌንስ

ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያገለገለ ዕቃ እሸጣለሁ፤ ላፕቶፕ፣ ካሜራ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ባለቤቱ ሲገዛው የፎከረበትን ሲሸጠው የሚያፍርበትን ነገር ሁሉ። በዚህ ሥራ አንድ ሕግ አለኝ፤ የምትሸጠውን አትውደድ። የጣስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ሌንሱ የመጣው በደርግ ጊዜ ሞስኮ ተምረው ከተመለሱ መሐንዲስ ቤት ነው። እሳቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ከነካሜራው በፌስታል ይዛው መጣች።

"ይሠራል?" አልኳት።

"አባባ እያሉ ይሠራ ነበር።"

ሻጭ እንዲህ ሲል ዋጋ ይወርዳል። አወረድኩ።

የዚህ ካሜራ ነገር እንደ ስልክ አይደለም። የምታየው በሌንሱ ውስጥ ሳይሆን ከበላዩ ባለች ትንሽ መስኮት ነው። መስኮቷ መሐል ላይ ቢጫ ምልክት አለች፤ እዚያች ውስጥ ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል፤ አንዱ ራሱ፣ ሌላው እንደ ጥላ የሳሳ። የሌንሱን ቀለበት ቀስ እያልክ ስታዞር ጥላው ወደ ሰውየው ይሄዳል። አንድ ሲሆኑ ትጫናለህ። የወጣውን ለማወቅ ግን ፊልሙ እስኪታጠብ መጠበቅ ነው። ፊልም ከዱባይ የሚያመጣልኝ ደንበኛ አለ፤ የማጥበው ራሴ ነኝ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ።

ስልክ ሰው ሲያነሳ እንደ ኬላ ፈታሽ ነው፤ የፊትህን ስንጥቅ አንድ በአንድ ይገለብጣል። ይህ ሌንስ ግን ያየውን ሁሉ አይናገርም። ዓይን ላይ ይጠራል፣ ከጆሮ ወዲያ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ከኋላ ከሆነች ነጭ ልብስ ዙሪያውን እንደ ጉም ይተናል። መስታወቱ ውስጥ የዕድሜ ጭጋግ አለ። አንድ ጠጋኝ "ላጽዳልህ?" ሲለኝ ካሜራውን ከእጁ ነጠቅኩት።

መጀመሪያ ያነሳሁት ቦሌ ቡልቡላ፣ የእኛው ኮንዶሚኒየም አንደኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩትን ጡረተኛ ነው። ደረጃው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ፎቶውን ሳሳያቸው "ይኼ እኔ ነኝ? ደህና ሰው እመስላለሁ እኮ!" ብለው ሳቁ። በወሩ አረፉ። ቤተሰቡ ከመታወቂያ ፎቶ ሌላ አልነበረውምና የእኔው በትልቁ ታትሞ ድንኳን ውስጥ ተሰቀለ። ለቀስተኛው እንባውን እየጠረገ "ማን ነው ያነሳቸው?" ይላል። ጣት ሁሉ ወደ እኔ።

ሁለተኛዋ በእግራቸው መጡ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉ እናት፣ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው በሬን አንኳኩ።

"ልጄ፣ እንደ እሳቸው አድርገህ አንሳኝ።"

"እማማ፣ ምን አስቸኮለዎት?"

"ፀሐይዋ ናታ! ልትሄድብኝ ነው።"

አነሳኋቸው። ጾሙ ሳይፈታ ድንኳኑ እንደገና ተተከለ።

ከዚያ ወዲህ ካሜራውን አንገቴ ላይ አድርጌ ስወርድ ደረጃው ጭር ይላል። የእድራችን ሰብሳቢ እኩያዬ ነው፤ ቀልድ ይወዳል። "አንተ ነጋዴ፣ ተረኛውን ንገረንና ድንኳኑን አናጥፈው" ይለኛል። እየሳቀ ግን ሌንሱ ወደሱ እንዳይዞር ትከሻውን ይሰጠኛል። እኔም እስቃለሁ። ሽማግሌ ታነሳለህ፣ ሽማግሌ ይሞታል፤ ይኼ ምሥጢር አይደለም። ቀብር ላይ ግን ሰዎች "ስንት ሰዓት ነው የሚነሱት?" ሲባባሉ ስሰማ ጀርባዬን ይበርደኛል። ፎቶም ይነሳል፣ አስከሬንም ይነሳል። ለሁለቱ ሁለት ቃል ብናበጅ ምን ነበረበት?

በዚህ መሐል እህቴ ደወለች። ታላቄ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ለሚ ኩራ፣ ዙሪያው ገና ብረትና ሲሚንቶ የሆነ ሰፈር ትኖራለች። ሆዷ ውስጥ እብጠት ተገኝቶ ለቀዶ ጥገና ተቀጥራለች፤ የቀራት አንድ ሳምንት ነው።

"እሑድ ና፤ ያንን ካሜራ ይዘህ" አለችኝ።

ታክሲ ውስጥ መንገዱን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። እምቢ ካልኩ እንደምትሞት ነገርኳት ማለት ነው። እሺ ካልኩም ያው።

በረንዳ ላይ ወንበር አውጥታ፣ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ጠበቀችኝ።

"እቴቴ፣ በስልኬ ይሻላል። አሁኑኑ ታዪዋለሽ።"

"ስልክህ አሮጊት ያደርገኛል።"

"እሺ፣ ከሆስፒታል ስትወጪ..."

"ስወጣ ሌላ ታነሳኛለህ። የመታወቂያዬን ፎቶ አይተኸዋል? ሌባ ነው የምመስለው። እሱን ሰቅላችሁ እንድታለቅሱብኝ አልፈልግም።"

ያኔ ነጋዴነቴ መጣብኝ። ይህ ካሜራ አንድ ጉድ አለው፤ የሌንሱን ክዳን ሳታወልቅ ብታነሳ በመስኮቷ ሁሉም ነገር ይታይሃል፣ ፊልሙ የሚይዘው ግን ጨለማ ብቻ ነው። ጀማሪን ሁሉ አንድ ቀን ያዋርዳል። እኔ አውቄ ተውኩት። "ፊልሙ ተቃጠለ" እላታለሁ፤ ስትድን ደግሞ እየተሳሳቅን እናነሳለን።

በመስኮቷ አየኋት። ሁለት ነበረች። ከኋላዋ የግንባታ ክሬን ቆሟል። ቀለበቱን አዞርኩ፤ የሳሳችው ወደ ደማቋ መጥታ ገጠመች። ተጫንኩ።

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ። በጣም ነው ያማረብሽ።"

"ያንን ጥቁር ነገር ሳታወልቀው?"

ይኼን አላሰብኩትም። ከካሜራው ጀርባ ያለ ሰው ክዳኑን አያየውም፤ ፊት ለፊት የተቀመጠችው ግን ከእሱ ሌላ የምታየው የለም።

"ስኳር ሰርቀህ አፍህን ሳትጠርግ 'አልቀመስኩም' ትለኝ ነበር" አለች። "ሸበትክ እንጂ አልተለወጥክም።" ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። "ፈርተህ ነው?"

ዓይኔን ወደ ክሬኑ አሸሸሁ።

"እኔም ፈርቻለሁ። አውልቀው።"

አወለቅኩት። ሁለቱን ምስሎች ማገጣጠም አቃተኝ፤ ትጠጋለች፣ ታልፋለች፣ ትመለሳለች። ዓይኗን ከሌንሱ ሳትነቅል ጠበቀችኝ። ሲገጥሙ አነሳኋት።

ሐሙስ ቀዶ ጥገናው ተደረገ። በቀናት ውስጥ በራሷ እግር ወጣች። ሐኪሙ ግን "ከሆዷ ያወጣነው ለምርመራ ተልኳል፣ ውጤቱ እስኪመጣ ምንም ማለት አንችልም" አለን። ይኸው እየጠበቅን ነው። ፊልሙ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ አለ። ስንት ጊዜ መታጠቢያ ቤቱ በር ድረስ ይዤው ሄጃለሁ።

ትናንት ደወለች።

"ታጠበ?"

"ውሃ የለም እቴቴ። ሳምንት ሆነው ከጠፋ።"

ከኋላዬ ቧንቧው ባልዲ ውስጥ ይንዶቀዶቃል። የውሃውን ድምፅ አዳመጠች።

"እኔ ጋ በርሜሉ ሙሉ ነው" አለች። "ይዘኸው ና፤ አብረን እናየዋለን።"