በዚያኛው ግን አለ

እትዬ ፊደል ኮምፒውተር አይወዱም፤ መተየብ ግን ይወዳሉ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ስሙን ያወጡላቸው የሚሠሩበት ኅትመት ቤት ደንበኞች ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የጥሪ ካርድ፣ የክስ ማመልከቻ ይዘው ይመጣሉ፤ እሳቸው ወረቀቱን በስተግራ አቁመው፣ ዓይናቸውን ከእሱ ሳይነቅሉ፣ ከባለጉዳዩ ጋር እያወጉ ይተይባሉ። እያንዳንዱ ፊደል የት እንዳለ ጣታቸው ያውቃል፤ እሳቸው ግን አያውቁም። «‹ጨ› የት ናት?» ብሎ የጠየቃቸው ቢኖር መጀመሪያ አየሩ ላይ ተይበው አይተው ነው የሚመልሱት።

መዘዙ የመጣው በደንበኞች ፍላሽ ነው። አንዱ ያመጣውን ቫይረስ ሌላው ይዞት ይሄዳል፣ ፋይል ይጠፋል፣ ጠብ ይነሳል። የኅትመት ቤቱ ባለቤት ሲማረር «ሊኑክስ ጫንበት» ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የእትዬ ፊደል የእህት ልጅ፣ ሌላው አማቻቸው፣ የልጃቸው ባል። በዚህ ከተስማሙ በኋላ በሌላ በምንም አልተስማሙም።

ነገሩን ላስረዳ። ሊኑክስ ልክ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን ከሥር ሆኖ የሚያስተዳድር ፕሮግራም ነው፤ ማንም በነጻ ይወስደዋል። የሚያስደንቀው ነገር፣ ከላይ የምናየው ገጽ፣ ዴስክቶፕ የሚባለው፣ እንደየሰው ምርጫ መቀያየሩ ነው። በአንድ ዓይነት መሠረት ላይ የቆሙ ሁለት ቤቶችን አስቡ፤ የአንዱ በር በግራ፣ የሌላው በቀኝ። ነዋሪዎቹ በመሠረቱ አይጣሉም። በበሩ ግን ደም ሊፋሰሱ ይደርሳሉ።

የእህት ልጁ ሁሉም ነገር በማውዝ ጠቅ ተደርጎ ማለቅ አለበት ባይ ስለሆነ «ጠቅጠቄ» ይሉታል። አማቹ ደግሞ ጥቁር መስኮት ከፍቶ ትእዛዝ ካልጻፈ ኮምፒውተር የነካ አይመስለውም፤ እሱም «ጥቁር መስኮት» ሆኖ ቀረ።

«ያንተ ዴስክቶፕ እኮ ሠርግ ቤት ነው፤ መብራት በመብራት» ይላል ጥቁር መስኮት።

«ያንተስ? ተከራይ ለቆት የሄደ ቤት።»

ባለቤቱ ሁለት ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን አስቀመጠና የየራሳቸውን ሊኑክስ እንዲጭኑ አንዳንድ ሰጣቸው። ሳምንቱን እትዬ ፊደል ይሞክሯቸዋል፤ የተመቻቸው በቀሩት ሁሉ ይጫናል። እሳቸውን ግን ለብቻቸው ጠርቶ፣ «እትዬ፣ እጅዎ ካለመደው ወጣት ታይፒስት ላመጣ ነው። እርስዎ ጥረዛው ላይ ይቀመጣሉ» አላቸው። ጥረዛ ማለት ከኋላ ክፍል፣ ከሙጫ ሽታ ጋር፣ ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዋል ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ማሽኖች አሳፈሯቸው። የድሮው የትየባ ፕሮግራም የራሱ የፊደል አቀማመጥ ነበረው፤ ሊኑክሶቹ ላይ ያለው ሌላ ነው። ጣታቸው የለመደበት ሲሄድ ያልታዘዘ ፊደል ይወጣል።

«ትለምጂዋለሽ፣ አክስቴ። አዲሱ ቀላል ነው» አለ ጠቅጠቄ።

«እማማ፣ አዲሱ አቀማመጥ የበለጠ ምክንያታዊ ነው» አለ ጥቁር መስኮት።

እትዬ ፊደል የጎደላቸው ምክንያት አልነበረም፤ «ሠ» ነበር።

ጥቂት አሰቡና ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ። «ያንተ ጥሩ ነው፣ ልጄ። ጽሑፉ ግን በዚያኛው ትልልቅ ነው።» በዚያኛው ትልልቅ አልነበረም። ጠቅጠቄ ምሳውን ትቶ አተለቀው። ከሰዓት አማቻቸውን፣ «የዚያኛው ጽሑፍ እንዴት ጎልቶ እንደሚታይ ብታይ» አሉት። አሁን ውሸት እንኳ አልነበረም። እንዲህ እንዲህ እያሉ የማተሚያው ምልክት በለመዱት ጥግ ተቀመጠ፣ ሜኑው ወደ ታች ወረደ፣ ሰዓቱም ወደ ድሮው ቦታው ተመለሰ። «በዚያኛው ግን አለ» ካሉ ሁለቱም አይተኙም።

ዋናውን ያቆዩት ለመጨረሻ ነው።

«በዚያኛው የድሮው አቀማመጥ የመጣ መሰለኝ» አሉት ጥቁር መስኮትን።

«በጠቅታ? አይቻልም።»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ።»

እዚህ ላይ የሊኑክስን ውበት ሳላነሳ አላልፍም፤ የፊደል አቀማመጡ ማንም ከፍቶ የሚያርመው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ጥቁር መስኮት ከአማቱ አጠገብ ተቀመጠ። እሱ ፊደል ይጠራል፣ እሳቸው ያልተሰካ ኪቦርድ ላይ ይመታሉ፣ እሱ ጣታቸው ያረፈበትን ይጽፋል። ሲያልቅ እትዬ ፊደል ለጠቅጠቄ ሹክ አሉት። እሱም ማንም ሳያየው ፋይሉን ገልብጦ ወሰደ፤ «ቋ» እና «ኳ» ቦታ ተለዋውጠው ስላገኛቸውም አስተካከላቸው። አማቹ ደግሞ እርማቱን አይቶ፣ ማንም ሳያየው መልሶ ገለበጠው።

የፍርዱ ቀን ባለቤቱ በሁለቱ ስክሪኖች መካከል ቆሞ ግራ ተጋባ። «የትኛው የማን ነው?»

«ይሄ የሱ ነው» አለ ጠቅጠቄ፣ ወደ አንዱ እያመለከተ። «ሜኑው ሲከፈት እንዴት እንደሚንቀራፈፍ አትመለከትም?»

«የኔ ወዲያኛው ነው» አለ ጥቁር መስኮት በእርጋታ። «የምትሰድበው የራስህን ነው።»

ጠቅጠቄ ማውዙን ለቀቀ። «ቆይ፣ ሜኑውን ወደ ታች ያወረድከው አንተ አይደለህ? እኔ አንተን አይቼ ነው።»

«እኔ ነኝ አንተን አይቼ ያወረድኩት።»

ሁለቱም ቀስ ብለው ዞሩ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አሉ እትዬ ፊደል። «አሁን በሁለቱም የለም ወይ?»

ባለቤቱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ከመመረቂያ ጽሑፍ አንድ ገጽ አቀበላቸው። ከቅርባቸው ባለው ማሽን ፊት ተቀመጡ። ኪቦርዱን አላዩትም። ገጹ ታትሞ ሲወጣ ባለቤቱ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ የሚያርመው አላገኘም።

«ጥረዛው ይቅር፣ እትዬ። ወንበሩ የእርስዎ ነው። በቀሩት ላይ የፈለጋችሁትን ጫኑ፤ ያ የፊደል ፋይል ብቻ እንዳይቀር።»

«የኔ ፋይል» አለ ጥቁር መስኮት።

«እኔ ባላርመው ‹ቋንቋ› የማይጽፍ ፋይል» አለ ጠቅጠቄ።

በኋላ እንደሰማሁት ፋይሉ አናት ላይ የሁለቱም ስም ገብቷል፤ የቀራቸው ጠብ የማን ይቅደም የሚለው ብቻ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ክርክሩ ገና ሲሟሟቅ፣ እትዬ ፊደል ሁለተኛውን ገጽ አጋምሰው ነበር።