አጽሙ ኬክ ላይ

በድርቁ ዘመን ደሴ ኬክ ቤት እሠራ ነበር። አንድ ካድሬ ለአብዮት በዓል ኬክ ሲያዝዝ፣ «ኢምፔሪያሊዝምን የሚያሳይ አስፈሪ ጭራቅ ላዩ ላይ ይቁም» አለኝ። ቸኮላት በሽሮፕ አቡክቼ ጎድኑ የሚቆጠር አጽም ቀረጽኩለት።

በበዓሉ ቀን እንግዶቹ ሳይደርሱ አየውና ደነገጠ። «አንቺ ሴት! ኢምፔሪያሊዝም እኮ ወፍራም ነው! ይሄ መንገድ ዳር የወደቀው የእኛ ሰው ነው! ልታሳስሪን ነው?»

እውነቱን ነበር። ቸኮላቱን ከኮምቦልቻ ሳመጣ የተራቡትን አይቼ፣ ምንም ሳልሰጥ አልፌአለሁ። እጄ ግን አልረሳቸውም።

የእንግዶቹ መኪና ደጅ ላይ ቆመ። ጓዱ አጽሙን ነቅሎ፣ ከራስ ቅሉ ጀምሮ እየገመጠ ይውጠው ጀመር። እኔም፣ አፈር ልብላና፣ «ውሃ ላምጣልዎ፣ ጓድ?» አልኩት።