ሁዳዴን የማይጾሙ ሴሎች

የእማዬን ጨጓራ ኦፕራሲዮን ያደረጉት ሐኪሞች፣ በራሷ ፈቃድ፣ ጥፍር የማታክል ቁራጭ ለኛ ላብራቶሪ ሰጡን። የምሠራው ጉርድ ሾላ ነው። የሰው ሴል ሳህን ላይ እናሳድግና ጨጓራ የሚያቆስለውን ባክቴሪያ እንጨምርበታለን፤ አብረው ሲኖሩ ምን እንደሚደራረጉ እናያለን። አለቃዬ ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ልስጠው ቢለኝ እምቢ አልኩ።

ማታ እንጦጦ ዳገት ላይ ወዳለው ቤታችን ስገባ እማዬ ከአልጋዋ ሆና "የኔዎቹ እንዴት ዋሉ?" ትለኛለች።

"ካንቺ ይሻላሉ" እላታለሁ። ትስቅ ነበር።

ሁዳዴ ገባ። ሐኪሙ ወተትና እንቁላል አዘዘላት፣ የንስሐ አባቷም ፈቀዱላት። እሷ ግን ወይ ፍንክች! ከቀን ቀን እየመነመነች ሄደች። እኔ ደግሞ ንዴቴን አልችልም። አንድ ማታ የቀቀልኩላትን እንቁላል ከነሳህኑ ስትገፋው አፌ አመለጠኝ።

"ካንቺ የተቆረጠው እንኳ ይበላል! ከጥጃ ደም የተጣራ ውሃ ነው የማበላው!"

"በሁዳዴ?"

"አዎ፣ በሁዳዴ!"

"በስመ አብ! በይ እስከ ፋሲካ እንዳታበያቸው።"

"ይሞታሉ፣ እማዬ።"

ትንሽ አሰበች። "እንግዲያስ ሕፃናት ናቸው። ሕፃን አይጾምም፣ አብያቸው። እኔ ለፋሲካ እበላለሁ።"

ሆሳዕና ሳይደርስ ሞተች። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ባሕር ዛፉ መሃል ቀበርናት።

ሥራ ስመለስ ባክቴሪያ የጨመርንባቸው ሴሎች ከሳህኑ ተላቀው ተንሳፍፈው ጠበቁኝ። አለቃዬ በማይክሮስኮፑ አየና "ውጤቱ ያምራል" አለ። የማን እንደሆኑ እያወቀ! በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ። ለማነጻጸሪያ ብለን ባክቴሪያ ያላስነካነው አንድ ሳህን ብቻ ደህና ነበር።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ለቅሶ ደራሹን ቤት ትቼ ወጣሁ። ላብራቶሪው ውስጥ ከዘበኛው በቀር ማንም አልነበረም። ያንን ሳህን አወጣሁ፣ አሮጌውን ምግብ በመምጠጫ መጥጬ አዲሱን ቀስ አድርጌ ጨመርኩ።

"ብይ እማዬ፣ ፋሲካ ነው" አልኳት።

ቤት ስመለስ ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ አቀረቡልኝ። ከነሳህኑ ገፋሁት።